ከመደብ እስከ ባኞ ቤት፤ የአረጋውያን መታጠቢያ በዋግ ደጋ

ስለ ዋግ የተጻፈውን ታሪክ ገልጦ የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የዋግ ሹሞችን የዘር ሐረግና የጦር ሜዳ ውሏቸውን ነው። በ1262 ዓ.ም. መንግሥት ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር የዛጉዌ ዘር ዋግን ይዞ እንደ ቀረ በትውፊት ይነገራል፤ ዋግ ሹም ጎበዜም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. መንገሣቸው የታወቀ ነው፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. ፋሽስትን ሲዋጉ መውደቃቸውም አይዘነጋም። ከጦሩ ቀጥሎ የሚተረከው የሰቆጣ ገበያና አሞሌ ጨው ጭኖ የሚመላለሰው ነጋዴ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ከዚህ እጅግ ያነሰ የሚመስለውን ነገር፥ ይኸውም በዚህ አገር የሸመገለ ሰው የት ይታጠብ እንደ ነበረ፥ ማን ያጥበው እንደ ነበረና ምን ላይ ተቀምጦ ይታጠብ እንደ ነበረ ነው።

ጉዳዩ ለታሪክ አይመጥንም የሚል አንባቢ ቢኖር አንድ ቁጥር እንጥቀስለት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከ60 ዓመት ዕድሜ በላይ የሆኑት ናቸው። ሽማግሌ በቤት ውስጥ እንዲወድቅ የሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ፥ ማለት እርጥብ ወለል፥ ባዶ እግር፥ መቀመጥና መነሣት፥ ጨለማና ችኮላ በአንድነት የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር መታጠቢያ ቤት ነው። ስለዚህ ከጦር ሜዳ በደኅና የተመለሰውን ሰው በሰማንያ ዓመቱ የሚገድለው ነገር ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ለታሪክ ጸሓፊ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

የዋግና የላስታ ቤት የድንጋይ ቤት ነው። አንዳንዱ ክብ፥ አንዳንዱ ባለ ማዕዘን ሆኖ ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ ይቆማል፤ የደላው ሰው ቤት ሁለት ደርብ ሲሆን ከብቱ ከታች፥ ሰው ከላይ ያድራል፤ ወደ ላይ የሚያወጣውም በውጭ በኩል የተደረደረ የድንጋይ ደረጃ ነው። በቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ጋራ ተያይዞ የተሠራ፥ በጭቃና በአዛባ የተለቀለቀ መደብ አለ። መደቡ መቀመጫም መኝታም ነው። ለእሳቱ የሚቀርበው መደብ የአባወራው ነው፤ አባወራው ሲያረጅም ያው ቦታ የእርሱ እንደ ሆነ ይቀራል፤ አጎዛ ይነጠፍለታል፤ እንግዳ እንኳ ቢመጣ እርሱን አስነሥቶ የሚቀመጥበት የለም።

እንግዲህ ማታ ከብት ከገባ በኋላ የሚሆነውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በገበቴ ለብ ያለ ውሃ ይመጣል፤ ሽማግሌው ከመደቡ ሳይነሡ እግራቸውን ወደ መሬት ያወርዳሉ፤ ልጅ ወይም የልጅ ሚስት በርከክ ብላ እግራቸውን ታጥባለች፤ አጥባም ስትጨርስ ትስማለች፤ እርሳቸውም ይመርቃሉ። ገላ መታጠብ በየቀኑ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ውሃው ከሩቅ በእንስራ የሚመጣ ስለ ሆነ ለበዓል ዋዜማ ወይም ለሕመም ይቆይ ነበር። በዚያም ጊዜ ቢሆን ሽማግሌው እዚያው እሳቱ አጠገብ በዱካ ላይ ተቀምጠው ነጠላ ተከናንበው በነጠላው ሥር ክንዳቸው፥ ቀጥሎ ጀርባቸው፥ ቀጥሎ እግራቸው ይታጠብ ነበር እንጂ ሁለመናቸው ባንድ ጊዜ አይራቆትም። ከታጠቡ በኋላ ቁርጥማት የያዘው ጉልበት ቅቤ ይቀባል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ማንም ሰው ሳያስተውለው የተሰበሰቡ ነገሮች አሉ። መደቡ ከግድግዳ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ አይገለበጥም፤ ከኋላ ጀርባን ይደግፋል። የመሬቱ ወለል ሻካራ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይመጠዋል እንጂ እንደ መስተዋት አያንሸራትትም። ሙቀቱ አለ። ውሃውን የምታፈሰው ሰው አስቀድማ በእጇ ስለምትሞክረው የሚያቃጥል ውሃ በሽማግሌው ላይ አይወርድም። ከሁሉም በላይ ገመና የሚጠብቅ ነጠላ አለ። ዛሬ በውጭ አገር የአረጋውያንን መታጠቢያ ቤት የሚያጠኑ ሊቃውንት በብዙ ድካም ጽፈው ያወጡት ደንብ ሲጨመቅ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ዘመን ሁሉ አንቆለጳጵሰን እንድናልፍ እውነቱ አይፈቅድልንም። ይኸው የድንጋይ ቤት ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሽማግሌ በውርጭ ሜዳውን ተሻግሮ ይሄድ ነበር። በባለጸጋው ቤት እግር የሚያጥበው አሽከርና ገረድ ነበር፤ የአሽከሩ እናት ስታረጅ ማን እግሯን እንዳጠበ ግን የጻፈ የለም። ልጅ ያልወለደች ባልቴት፥ ልጆቹ በወረርሽኝ ያለቁበት ሽማግሌ፥ ዓይኑ የጠፋ ድኻ መደብ አልነበረውም፤ ቦታው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። በልማዱ የሚከበረው ሽማግሌ ልጅና መሬት ያለው ሽማግሌ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም።

ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሥርዓት ነበራት። ባሏ የሞተባት ባልቴት ቆብ ጭና፥ ሚስቱ የሞተችበትም ሽማግሌ መንኩሶ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ መኖር በመላው ደጋ የተለመደ ነበር። በገዳማትም ያረጀውን አባት ረድኡ ይረዳዋል፤ ውሃ ይቀዳለታል፤ ደግፎ ያወጣዋል፤ ያስገባዋል። ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ የሚገኝበት በመሆኑ ብዙ ጎብኝ ይጠይቀዋል። እኛ ግን እንዲህ ያለ ቅጽር ስናይ ከመሳፍንቱ ሣጥን ይልቅ በደጃፉ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ስማቸው ያልተጻፈ አረጋውያን እናስባለን። የነዳያንና የአረጋውያን ቤት ማቋቋምም ለክርስቲያን አገር እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ምዕት ዓመት በቂሣርያ አጠገብ ለድኾች፥ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ያሠራው ቤት ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል።

የሕጉ ነገርም መነሣት አለበት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 807 እና በተከታዮቹ፥ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ለባለ መብቱ ምግብ፥ መኖሪያ፥ ልብስና የጤና መጠበቂያ እንደ አገሩ ልማድ በተገባ አኳኋን እንዲያቀርብ ያዝዝ ነበር፤ ይህም ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ያለ ነው። የቤተሰቡ ክፍል በኋላ በወጡት የቤተሰብ ሕጎች ቢተካም ሐሳቡ አልተለወጠም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ደነገገ። በመጀመሪያው ሕግ ሽማግሌው የልጁ ዕዳ ነው፤ በሁለተኛው የአገሩም ዕዳ ሆኗል። በእነዚህ በሁለቱ ዓመተ ምሕረቶች መካከል በዋግ ምን እንደ ደረሰ ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት ስለ ውሃው ራሱ ጥቂት እንበል። ኢትዮጵያ የመታጠቢያ ቤት አሠራር ከፈረንጅ የተማረች የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በላሊበላ ቤተ ማርያም ቅጽር ውስጥ ከዐለት የተፈለፈለ ጥልቅ የውሃ ገንዳ አለ፤ በልደት በዓል ልጅ የሚለምኑ ሴቶች በገመድ ተይዘው ወደዚያ ውሃ ዝቅ ይደረጋሉ። የገመዱን ነገር ልብ እንበል፤ እርጥብ ዐለት ሰውን እንደማያምኑበት ካህናቱ ያውቁታል። በጎንደር የነገሥታት ቅጽርም ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ቤት አባቶቻችን ወሸባ ይሉት ነበር። (ቃሉ ሕመምተኛ ተለይቶ የሚቀመጥበትንም ስለሚያመለክት በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ እንደ ገና በሕዝብ አፍ ገብቷል።) አዲስ አበባም ብትሆን የተቆረቆረችው በመታጠቢያ ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የእንጦጦ ብርድ ያስመረረው ቤተ መንግሥት ወደ ፍል ውሃ ወርዶ ሲታጠብ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፤ ከተማ ሆነ። ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ ለፍል ውሃ ያለው ፍቅር ከዚያም በፊት የነበረ፥ ከዚያም በኋላ ያልቀዘቀዘ ነው።

ለዋግ ሽማግሌ ግን ፍል ውሃ ሩቅ ነው። ለእርሱ የቀረበው የደብሩ ጠበል ነው። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚጠመቁት በማለዳ ነው፤ የሚቆሙት በድንጋይ ላይ ነው። ቢሆንም ሽማግሌ ለብቻው ሲጠመቅ አይታይም፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው ያቆሙታል። እንግዲህ በቤት መደብና እሳት፥ በጠበል ሁለት ክንድ፥ በላሊበላ ገመድ ነበረ ማለት ነው። ይህን ይዘን ወደ ታሪካችን እንመለስ።

የዋግን ቤት ከመሠረቱ ያናወጠው ረኀብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ፥ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው የባሰ ረኀብ የሰቆጣንና የአካባቢውን ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሎ ብዙውን ወደ ኮረም መጠለያ አወረደው። ዓለም ሁሉ የኮረምን ሥዕል በቴሌቪዥን ያየው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነበር። በመጠለያ ሁሉ እንደሚደረገው የማገገሚያ ምግብ በቅድሚያ የሚታደለው ለሕፃናት ነበር፤ ያለውም እህል ለሁሉ የማይበቃ ስለ ነበረ ይህን ሥርዓት የሚነቅፍ አይኖርም። ሽማግሌዎቹ ግን የሰልፉ መጨረሻ ሆኑ። ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በቅማል እየተላለፉ በየመጠለያው በገቡ ጊዜ የገላና የልብስ ንጽሕና የሞትና የሕይወት ነገር ሆነ፤ ነገር ግን ውሃ የሚቀዳላት ልጅ የሞተባት አሮጊት በምን ትታጠባለች? ብዙ ቤት ከዚያ ሲመለስ መደቡ ነበር፤ በመደቡ ላይ ለሚቀመጡት እግር የሚያጥበው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያም በኋላ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ የቀረውም ቤት ሳሳ።

ሽማግሌ ከቤት ወጥቶ በማኅበር ወደሚኖርበት ቤት የገባው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ የእማሆይ ቴሬዛ እኅቶች በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገብተው ለሞት የቀረቡትን መሰብሰብ ጀመሩ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ ሺዎችን ወደ መጠለል ደረሰ። ከእነዚህም ሌላ በየክፍለ ሀገሩ በቤተ ክርስቲያንና በበጎ አድራጊዎች እጅ የተቋቋሙ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሰውን ከመንገድ አንሥቶ ማስገባት፥ ማብላትና ማልበስ ሥራው ከባድ ነው፤ የሚሠሩትን ማመስገን እንጂ መውቀስ አይገባንም። የምንናገረው ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ቤቱ አሠራር ነው።

የቤቱ አሠራር ባኞ ቤት የሚለውን ቃል ካመጣው ከጣሊያን ግንበኛ ጋራ የመጣ ነው። ቃሉ ከነዕቃው ገብቶ ቀረ። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጥሩ ባኞ ቤት ብሎ የሚያስበው ግድግዳውም ወለሉም በነጭ ማዮሊካ ያበራ፥ ጠባብ፥ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈትና ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ነው። ይህ ለሠላሳ ዓመት ሰው የተሠራ ነው። ለሽማግሌ ሲሆን እያንዳንዱ ነገር ጠላቱ ይሆናል። ነጭ ወለል ላይ ነጭ መቀመጫ ዓይኑ ለደከመ ሰው አይታይም። ያበራው ወለል ውሃና ሳሙና ሲነካው የጎልማሳውንም እግር ያስከዳል። ገንዳው ያለ እንደ ሆነ ጠርዙን ለመሻገር እግርን ከጉልበት በላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ቁጢጥ የሚሉበት ሽንት ቤት ከሆነም ሽማግሌው ቁጢጥ ካለ በኋላ የሚነሣበት ጉልበት የለውም። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት በመሆኑ የወደቀው ሰው አካል ራሱ በሩን ይዘጋዋል፤ ሊያነሡት የመጡት ሰዎች በር ሲሰብሩ ጊዜው ያልፋል። አያቱ በጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው በሰላም ሲታጠቡ የኖሩትን፥ እርሱ በማዮሊካ ላይ ቆሞ እንዲታጠብ አደረግነው፤ ስሙንም ሥልጣኔ አልነው።

ፈረንጆቹ ራሳቸው ይህን ስሕተት ካወቁት ብዙ ዘመን አልሆነም። በአሜሪካ ለአካለ ስንኩላን የሚመች ሕንፃ መለኪያ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በእንግሊዝ አገር ሴልዊን ጎልድስሚዝ ስለዚሁ ጉዳይ ትልቅ መጽሐፉን በ1963 አወጣ፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ኪራ ደግሞ በ1966 ባሳተመው ጥናቱ መታጠቢያ ቤት በሰው አካል ልክ ሳይሆን በፋብሪካና በቧንቧ ሠራተኛ ልማድ የሚሠራ መሆኑን አሳየ። ጃፓኖች ብቻ ከጥንት ጀምሮ ወደ ገንዳ ከመግባታቸው በፊት በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው ይታጠባሉ፤ ከእኛ ዱካ ጋራ ዘመድ ነው። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖረው ደንግጓል። አዋጁ ሲወጣ በሰቆጣ የሚሠራው ግንበኛ መቀመጫው ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል ብሎ ቢጠይቅ ከአዋጁ መልሱን አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ለግንበኛው የሚጠቅመውን እንናገር፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ አንባቢዎቻችን ይታገሡናል። መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይመቻል፤ ከግድግዳው ጋራ የተያያዘ የድንጋይ ወይም የጡብ መደብ ሆኖ በሲሚንቶ ቢለሰን ከውጭ ከሚመጣው ታጣፊ ወንበር ይልቅ የታመነ ነው፤ ጠርዙ ክብ ይሁን፤ ከግድግዳው በተለየ ጥቁር ወይም ቀይ ቀለም ይቀባ። በሽንት ጉድጓዱም ላይ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ማቆም ዋጋው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። ወለሉ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተፍቆ ሻካራ ይደረግ፤ ውሃው እንዳይተኛ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘንብል፤ ደፍ ፈጽሞ አይኑረው። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ወደ ውጭ ይከፈት፤ መወርወሪያው ከውጭም የሚፈታ ይሁን። የተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

የመደገፊያው ብረት ነገር ግን በዋግ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። መጻሕፍቱ ብረቱ ከወለል ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፥ ውፍረቱ ለጭብጥ የሚመች፥ ከግድግዳው አራት ሳንቲ ሜትር የራቀ ሆኖ በቡሎን ይታሰር ይላሉ። በጭቃ በተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ግን ቡሎን አይጸናም፤ ሽማግሌው ክብደቱን በጣለበት ቀን ከነድንጋዩ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ መደገፊያ ካልነበረ ይልቅ ይከፋል፤ ሰው አምኖበታልና። ስለዚህ ወይ ብረቱ ግድግዳው ሲሠራ አብሮ በሲሚንቶ ይቀበር፥ ወይም ከወለል እስከ ጣራው ማገር የሚደርስ የወይራ ቋሚ ይተከል። መቋሚያ ለማኅሌት የተመሰገነ ነው፤ በእርጥብ ወለል ላይ ግን ጫፉ ይንሸራተታልና ምርኩዝም መቋሚያም በር ላይ ይቅሩ።

ውሃና ሙቀትም እንዲሁ በአገሩ ልክ መታሰብ አለባቸው። ዋግ ውሃ የሚቸግርበት አገር ነው፤ ሴቶችና አህዮች ጀሪካን ተሸክመው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ቆሞ በሻወር ለመታጠብ የሚፈሰው ውሃ ተቀምጦ በጣሳ ለሚታጠብ ብዙ ሰው ይበቃል፤ አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለአንድ ሽማግሌ ይተርፋል፤ እጣቢውም በቦይ ወደ ጌሾው ሥር ይሂድ። ፀሐይዋ በርትታ የምትወጣበት አገር በመሆኑ ጥቁር በርሜል በጣራ ላይ ቢቀመጥ እስከ ቀትር ውሃውን ለብ ያደርገዋል፤ የአረጋውያን መታጠቢያ ሰዓትም ቀትር እንጂ ማለዳ መሆን የለበትም። ውሃው ከ43 ዲግሪ በላይ ባይሞቅ መልካም ነው፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳን ይልጣል፤ የሽማግሌ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። መለኪያ ለሌለው ክርን ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንከለክላለን፤ ብርዱን ለመስበር ብሎ ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት ነው። የከሰል ጢስ ሽታ ሳያሰማ ይገድላል። ታጥቦ የጨረሰ ሰውም ወዲያው አይነሣ፤ ከሙቅ ውሃ በኋላ ደም ከራስ ይወርዳልና ነጠላውን ለብሶ ጥቂት ይቀመጥ። በመደቡ አጠገብ ከገመድ ጋራ የታሰረ ቃጭል ቢንጠለጠል ለመጮኽ ለሚያፍር ሰው መልእክተኛ ይሆነዋል።

የሰቆጣ ስም በዘመናችን በአገር ሁሉ የታወቀበት ሌላ ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ በዚሁ ሥራ ውስጥ ተካትተዋል። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ለሕፃኑ የሚመጣው ቧንቧ በአያቱም ደጅ ያልፋልና ቧንቧውን ሲዘረጉ ለእርሷ የሚሆን አንድ መደብ ማስገንባት ምን ያህል ሲሚንቶ ይጨርስ ነበር እያልን እንጠይቃለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ ሲጠለልም ሽማግሌዎቹ ከወጣቱ ጋራ በአንድ ሰልፍ፥ በአንድ ጉድጓድ ላይ ነበሩ።

ከዓመታት በፊት ከዋግ ርቆ በሚገኝ ከተማ ያለ አንድ የአረጋውያን ቤት ሄደን ነበር። አንዲት የዋግ ተወላጅ እማሆይ ወር ሙሉ ገላቸውን አልታጠብም ብለዋል ተብሎ ሠራተኞቹ ተቸግረው አገኘናቸው። ግትር ናቸው ይባሉ ነበር። እማሆይን ቀርበን ስንጠይቃቸው ብዙ ከዝምታ በኋላ፥ «ልጄ፥ ያ ነጩ ቤት ውርጭ የወረደበት ዐለት ይመስላል። ምን ይዤ ልቁም? ባለፈው ወድቄ ወንድ ልጅ ነው ያነሣኝ፤ ራቁቴን» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ለማንም አልነገሩም ነበር። ሠራተኞቹም ይህን በሰሙ ጊዜ ደነገጡ እንጂ አልተከራከሩም፤ በሳምንቱ ውስጥ ግንበኛ ተጠርቶ በክፍሉ ማዕዘን የጡብ መደብ ሠራ፤ በግድግዳው የውሃ ቱቦ ብረት ቀበረ፤ ማዮሊካውን አንሥቶ ወለሉን በሻካራ ሲሚንቶ ለወጠው፤ በበሩና በመደቡ መካከልም መጋረጃ ተሰቀለ፤ ከመጋረጃው ውጭ አንዲት ሴት ሠራተኛ እንድትቆም ተደረገ።

እማሆይ በመጀመሪያው ቀን ገብተው ተቀመጡበት፤ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ብረቱንም ጨብጠው ወዘወዙት። ከዚያ ሠራተኛዋን ጠርተው እግራቸው መሬት እንደማይነካ አሳዩአት። መደቡ 48 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እርሳቸው አጭር ናቸው። በማግሥቱ ግንበኛው ተመልሶ መጥቶ አንድ ረድፍ ጡብ አነሣ።